አድ ሃሎምና የሸክላ ነገር



በባቡር ወደ አሽዶድ የሚመጣ ሰው የሚወርደው አድ ሃሎም ጣቢያ ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ ከበሩ እንደወጣ ወደ አውቶቡሱ ተሻምቶ ከተማ ይገባል። እኛ ግን አዲስ የገቡ ቤተሰቦችን የባቡር ጉዞ ለማለማመድ ስንወጣ አንድ ሰዓት ቀደም ብለን እየደረስን አካባቢውን በእግር እናሳያለን። ራቭ ካቭ የተባለው የመሳፈሪያ ካርድ እንዴት እንደሚሞላ የትም መማር ይቻላል፤ ቦታ ግን ካልረገጡት አይታወቅም።

አድ ሃሎም በዕብራይስጥ «እስከዚህ ድረስ» ማለት ነው። ቃሉ ጥንታዊ ነው፤ ንጉሥ ዳዊት በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 7 ላይ በሚያቀርበው ጸሎት ውስጥ ይገኛል። ቦታው ግን ስሙን ያገኘው በ1948 ጦርነት ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የግብፅ ጦር በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ሰሜን ሲገሰግስ በላኺሽ ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ ፈርሶ አገኘው። የጊቭዓቲ ብርጌድ ወታደሮች ቀድመው አፍርሰውት ነበር። ሜይ 29 ቀን አራት የእስራኤል አውሮፕላኖች ሰልፉን ደበደቡ፤ አንደኛው አብራሪ ሕይወቱን አጣ። ጦሩም ከዚያ ወደ ቴል አቪቭ አላለፈም። ከድልድዩ አጠገብ ለወደቁት የግብፅ ወታደሮች መታሰቢያ የሚሆን፣ አክሱምን የሚያስታውስ ረጅም የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። ሁለቱ አገሮች ከታረቁ በኋላ የተተከለ ነው። ጽሑፉ በዕብራይስጥ፣ በአረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በጥንታዊው የግብፅ የሥዕል ፊደል ነው። ልጆች መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ወፎቹና ወደ ዓይኖቹ ሥዕል ነው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ለተዋጋህ ጠላት ሐውልት ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ይከራከራሉ።

ባለፈው የሐኑካ ሰሞን በወጣንበት ቀን ግን ክርክሩ በሌላ ጉዳይ ነበር። ከተጓዦቹ መካከል ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ዘጠኝ ሸክላ በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። ሸክላዎቹ የታላቅ ወንድማቸው ናቸው፤ እሳቸው አሁንም እዚያው ጎንደር ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንድ ሸክላ ሰብሳቢ ነኝ ባይ ወጣት ለዘጠኙም 400 ሼቄል እከፍላለሁ ብሏቸዋል።

«ልጆቼ፣ ልስጠው ወይስ ይቅርብኝ?» አሉን። «ለወንድሜ የምልከው ብር የለኝም።»

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። የሰውየው ዋጋ ደህና ይሁን አይሁን ለማወቅ መጀመሪያ ሸክላዎቹ ምን እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል።

አድ ሃሎም ስሙን ባገኘበት በዚያው በ1948 አዲስ አበባ ላይ አንድ የንጉሠ ነገሥት ዐዋጅ ወጥቶ ነበር። ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስገባት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ሃያ ዓመት ያህል ደፍሮ የነካው አልነበረም። በ1969 ግን አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ዐዋጁን ወደ ጎን ትቶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ ስም አሳተመ። አገር ውስጥ ሸክላ የሚታተምበት ፋብሪካ ስላልነበረ የተቀዳውን ቴፕ መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ እየላከ ነው ያሳተመው። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ። ፊሊፕስም ተከተለ፤ ከመርካቶ ደግሞ አሊ አብደላ ካይፋ፣ ሰው «አሊ ታንጎ» የሚላቸው፣ ካይፋ ሪከርድስን አቋቋሙ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ሙሉቀን መለሰ፣ በሳክስፎን ጌታቸው መኩሪያ፣ ሁሉም በዚያ ዘመን ሸክላ ላይ አሉ። ከደርግ በኋላ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው፤ አምሃ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ወደ 1978 ገደማ ደግሞ ካሴት ሸክላን ተካው። ስለዚህ የታተሙት የተወሰኑ ናቸው፤ ከዚያም ውስጥ ስንቱ ተሰበረ፣ ስንቱ ተቧጭሮ ተጣለ።

ፈረንጆች ይህን ሙዚቃ «የኢትዮጵያ ሶል» ይሉታል። ሶል የአሜሪካ ጥቁሮች ዘፈን ነው፣ የእነ ጄምስ ብራውን። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበረው የአሜሪካ ወታደሮች ሬዲዮ ያሰማው ነበር፤ የእኛም ዘፋኞች ከቅኝታቸው ጋር አዋሕደው የራሳቸው አደረጉት። አብረውን የነበሩት ወጣቶች አስቴር ራዳንና ጊሊ ያሎን ያውቃሉ። አስቴር ራዳ የምትዘፍነው «ናኑ ነይ» የሙሉቀን መለሰ እንደሆነ ግን የሰሙት በዚያ ቀን ነው።

ባቡሩ እስኪመጣ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ነጠላውን ፈታን። የክረምት ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ስለምትመታ ለዚህ ሥራ ከአጉሊ መነጽር ትበልጣለች። ሸክላውን በጠርዙ ይዞ ወደ ብርሃን ማዘንበል ነው። ዘፈኑ አልቆ መሃሉ ላይ ካለው ክብ ወረቀት በፊት ለስላሳ ቀለበት አለ። እዚያ ላይ በማሽን የተመታ ወይም በእጅ የተጫረ ቁጥር ይገኛል። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ከታተመው ጋር መስማማት አለበት። የአምሃ «ኤ.ኢ.» በሚሉ የላቲን ፊደላት ይጀምራል፤ የካይፋ «ኬ.ኤፍ.» ነው። ቀለበቱ ባዶ ከሆነ ወይም ሌላ ቁጥር ካለበት ጠርጥሩ።

ቀጥሎ ክቡ ወረቀት ነው። በዋናው ሸክላ ላይ ወረቀቱ በሙቀትና በግፊት ከፕላስቲኩ ጋር አንድ ላይ ይታተማል፤ በሙጫ አይለጠፍም። ጥፍር የሚያስገባ ጠርዝ ካለው ነገር አለ ማለት ነው። ከሌላ ወረቀት በፎቶ የተነሣ ጽሑፍ ደግሞ ይወፍራል፤ የ«ው» እግር ከክቡ ጋር ይጣበቃል፤ የዘፋኙ ፊት በሽፋኑ ላይ ጠቁሮ ዓይኑ ይጠፋል። እዚህ ላይ እኛ ከማንም ፈረንጅ ሰብሳቢ እንበልጣለን። ፊደል የማያነብ ሰው «ሰ»ን «ስ» ቢያደርጋት አያያትም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ወዲያው ታያለች። እውነትም ከዘጠኙ አንዱን ያጋለጠችው የእናትየው የልጅ ልጅ ናት። «እማማ፣ ይሄ ተሳስቷል!» ብላ ጮኸች። ገልብጠን ስናየው ቀለበቱም ባዶ ነው።

ትልቁ ሸክላ ሌላ ታሪክ አለው። ወንድማቸው በቅርብ ዓመታት አዲስ አበባ ላይ «የድሮ ነው» ተብለው የገዙት ነው። ከጀርባው ሱፐርማርኬት ዕቃ ላይ የምናየው ባለመስመር የዋጋ ምልክት አለ፤ በአምሃ ዘመን ሽፋን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ይህ ግን የተሰረቀ ነው ማለት አይደለም። በባለመብቶች ፈቃድ እንደገና የሚታተሙ አሉ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ሳለ አንድ አሜሪካዊ የድሮ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ ፈለገው፤ ተስማሙና በ2013 እንደገና ወጣ፤ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። እንዲህ ያለው ሕትመት ለመስማት ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን የአሮጌው አይደለም። ሐሰቱ የሻጩ ቃል ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካዊው ፍራንክ ዊልሰን የ1965 ሸክላ ጥቂት ቅጂዎች ብቻ ነው የተረፉት፤ አንዱ በ2009 እንግሊዝ አገር ከ25,000 ፓውንድ በላይ ተሸጧል። ነጋዴዎች በ1970ዎቹ የዚያኑ ዘፈን ቅጂ በሌላ ዘፋኝ ስም አሳትመው ሸጠውት ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ጆሮ ነው፤ ለዚያ ማጫወቻ ያስፈልጋል። ሃሃጋና ጣቢያ ወርደን በአውቶቡስ ጃፋ፣ ሹክ ሃፒሽፔሺም ወደሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄድን። አንድ የሸክላ ነጋዴ በደስታ አጫወቱልን። ልጅቷ የያዘችው ሸክላ ፊቱ እንደ መስታወት ንጹሕ ነው፤ መርፌው ሲነካው ግን እንደ ጉመሮ ማገዶ ይንጣጣል። ፍንጣቂው የራሱ ሳይሆን የተቀዳበት የሌላ ሸክላ ጭረት ነው። ሌሎቹ ሰባቱ ተቧጭረዋል፣ አንዱ ላይ የወንድማቸው ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ድምፃቸው ግን ከነጭረታቸውም ጥርት ያለ ነው። የጥላሁን ሲጀምር እናትየው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ ማንም አልተናገረም።

ነጋዴው ለሰባቱ የገመቱት ከ400 ሼቄል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ገማቹም መግዛት የሚፈልግ ሲሆን አንድ ሰው ብቻ መጠየቅ አይበቃምና እዚያው ገበያ ሌላ ሱቅ ገባን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጨመረ። ስም የተጻፈበትን ግን ሰብሳቢዎች አይወዱትም ብሎ ዝቅ አደረገው። እናትየው በዚህ ተናደዱ። «የሰው ስም ዕቃ ያረክሳል እንዴ?» አሉ። መልስ አልነበረንም።

ዕቃው የእሳቸው ስላልሆነ ከሱቁ ደጅ ቆመን ወደ ጎንደር ደወልን። ወንድማቸው በመጀመሪያ የጠየቁት ዋጋውን አይደለም፤ የትኛው እንደሚጫወት ነው። አንድ በአንድ ተነገራቸው።

«ሦስቱን ሽጪ። የጥላሁንንና ስሜ ያለበትን እንዳትነኪ፤ ስመጣ እንሰማዋለን።»

ሦስቱ በደረሰኝ ተሸጡ፤ ገንዘቡ በማግስቱ ተላከ። ሰብሳቢ ነኝ ያለው ወጣት ደግሞ ደውሎ 600 ሼቄል አለ፤ እናትየው በትሕትና አመስግነው ዘጉት። የቀሩት በነጠላ ተጠቅልለው አሽዶድ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሙቀት ከማያገኛቸው ቦታ ቆመው ተቀምጠዋል፤ ሸክላ ተነባብሮ ከከረመ ይጣመማልና። ማጫወቻው ገና አልተገዛም።