ለአሮጌ ሃይሉክስ ሞተር ስናጭ

አሮጌ ሃይሉክስ ያለው ሰው ስለ መኪናው ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በሩ በሽቦ ታስሮ፣ ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎ፣ የኋላ መብራቱ በቀይ ፕላስቲክ ተለጥፎ፣ "ሻንሲው ግን ብረት ነው!" ይላችኋል። አልዋሸም። ባሌስትራው ስንት ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ እስከ ዛሬ እጅ አልሰጠም። ጠዋት ሲነሳ ግን ጎረቤቱን በጭስ ይቀሰቅሳል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ከኋላው ያለውን ሚኒባስ ሁሉ ያሰልፋል። አዲስ መግዛት ለብዙዎቻችን የሚታሰብ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህማ፣ ያለውን ይዞ መክረም የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል። እናም ባለቤቱ አንድ ቀን ብቅ ይልና "ሞተር ልለውጥለት ነው፤ የቱን ላድርግ?" ብሎ ይጠይቃችኋል።

የእኔ መልስ አጭር ነው፦ የገዛ ወንድሙን። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ቢያንስ እስከ ሁለተኛው ስኒ ድረስ መጫወት አለብን።

መጀመሪያ ነገር፣ መለወጥስ አለበት ወይ? መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ፣ "ጋሼ፣ ይሄ አልቆለታል" ስላለ ብቻ ሞተር ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ አትሩጡ። ኮምፕረሽን ይለካ በሉት። የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተር በጤናው ዘመን በየሲሊንደሩ 32 ኪሎ በስኩዌር ሴንቲሜትር ገደማ ይሰጣል። 20 ላይ ከደረሰ አብቅቶለታል። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ5 መብለጥ የለበትም። አራቱም ተያይዘው ከወረዱ ፋሻውም ሲሊንደሩም ተበልቷልና ሞተሩ ወርዶ ሬቲፊካ ቤት ይሄዳል፤ ወጪው ያኔ ከሌላ ሞተር ዋጋ ጋር ይተያያል። ሦስቱ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከወደቀ ግን በሽታው ከላይ ሊሆን ይችላል፤ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን። ቴስታታ አስወርዶ ማሠራት ሙሉ ሞተር ከመግዛት ጋር አይወዳደርም። መለኪያው የሌለው ጋራዥ ስለ ሞተር ሞት ባይናገር ይሻላል።

ብሎኩ ከተሰነጠቀ፣ ኮሎው ከተሰበረ፣ ወይም ከዚህ በፊት ደጋግሞ ተሠርቶ ከእንግዲህ የሚፋቅለት ካጣ፣ እሺ፣ ወደ ምርጫው እንግባ።

ቶዮታ "ኤል" ብሎ የሰየማቸው ናፍጣ ሞተሮች አንድ ቤተሰብ ናቸው። 2ኤል 2,446 ሲሲ ነው፣ 3ኤል 2,779፣ 5ኤል 2,986። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 በተሠራው ሃይሉክስ፣ ኤልኤን 105 የሚባለው 2ኤል ሲይዝ ኤልኤን 106 ደግሞ 3ኤል ይዟል። ሦስቱን ሞተሮች ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ከውጭ ለመለየት ይቸግራል። ከዋና ልዩነታቸው አንዱ የሲሊንደሩ ስፋት ነው፤ 92፣ 96፣ 99.5 ሚሊ ሜትር እያለ ያድጋል። ስለዚህ ባለ 2ኤል ሃይሉክስ 3ኤል ሲገባለት ካምቢዮው ሳይለወጥ፣ ብየዳ ሳይጠራ ቦታው ላይ ቁጭ ይላል። ኮምፒዩተር የለ፣ ሴንሰር የለ፤ ናፍጣ የሚዘጋ አንድ ሽቦ አለ፣ ካንዴላ ማሞቂያ አለ፣ በቃ። የሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ሃይኤስም ከዚሁ ቤተሰብ ሞተር ጋር ነው ሲሮጥ የኖረው። ከአዲስ አበባ ውጭ፣ ሐሙሲትም ሆነ ሻሸመኔ ብትቆሙ፣ ይህን ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ ሰው አታጡም። ለእኔ ከፈረስ ጉልበት በላይ የሚመዝነው ይኼ ነው።

"ቱርቦውስ?" ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ በተለይ ለእኛ ለደገኞቹ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው የተሰጠውን አየር ብቻ ስለሆነ፣ ፋብሪካው 90 ገደማ የፈረስ ጉልበት የጻፈለት 3ኤል እኛ ዘንድ 70 ቢሰጥ ነው። ፖምፓው ግን ይህን አያውቅም፤ ጅቡቲ ወደብ፣ ባሕር ወለል ላይ እንዳለ አድርጎ ናፍጣውን ይልካል። አየር ያላገኘው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጉልበት አነሰኝ ብሎ "ናፍጣውን ጨምርልኝ" ይላል፤ መካኒኩም ብሎኑን ይጠመዝዝለታል። የሚጨምረው ጭስና ሙቀት ነው። ለደጋ የሚበጀው ጥቂት መቀነስ ነው።

ቱርቦ አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ የደጋውን ጉድለት በአብዛኛው ይሞላል። አባይ በረሃን በጭነት የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን ወይም እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። 1ኬዜድ-ቲኢ የተባለው ባለ ቱርቦ፣ 2,982 ሲሲ ሆኖ ከ120 የፈረስ ጉልበት በላይ ስለሚሰጥ ያን ዳገት እየዘፈነ ይወጣዋል። ነገር ግን ፖምፓው የሚታዘዘው በኮምፒዩተር ነው። ሞተሩን ስትገዙ ኮምፒዩተሩን፣ ሙሉ የሽቦ መስመሩን፣ የነዳጅ ፔዳሉን ሴንሰር ጭምር ከአንድ መኪና የወጣ ሆኖ ካላገኛችሁ የገዛችሁት ውድ ብረት ነው። ሲሞቅ ደግሞ ቴስታታው እንደሚሰነጠቅ የታወቀ ነው፤ ታላቁ ባለ ቱርቦ 2ኤል-ቲም በዚሁ ስሙ የጠፋ ነው። ዳገት ሲበዛ ሙቀት ይበዛል፤ ሙቀት የማይችለውን ሞተር ለዳገት ብሎ መግዛት ለእኔ አይዋጥልኝም። በየሳምንቱ ከጎጃም እህል የሚያመላልስ፣ ራዲያተሩንም አሳድጎ የሚያስገባ ሰው ካለ ያስብበት። ሌላው 3ኤሉን ይያዝ። ቀድሞም 3ኤል የነበረው 5ኤል ቢመኝ አልፈርድበትም፤ ራዲያተሩን ሳያስጠርግ ካስገባ ግን እፈርድበታለሁ።

ሞተር መለወጥ እንደ ጋብቻ ነው፤ ሙሽራዋ ብቻዋን አትመጣም፣ አማቶቹም አሉ። ከሚኒባስ የወጣ 3ኤል ስትገዙ የታችኛው የዘይት ቋት ቅርጹ ከሃይሉክስ ይለያል። ባለ አራት ጎማ አንቀሳቃሽ ሃይሉክስ ላይ የፊት ዲፈረንሻሉ እዚያው ስር ስለሚያልፍ ቋቱ ይጋጫል። መፍትሔው የአሮጌውን ሞተር ቋትና ዘይት የሚስበውን ቱቦ ነቅሎ ለአዲሱ ማልበስ ነው። ስለዚህ አዲሱ ሞተር ተነስቶ እስኪያገሳ ድረስ አሮጌውን ለቁራሊዮው እንዳታስረክቡ። ሞተሪኖው 12 ይሁን 24 ቮልት ጽሑፉን አንብቡ። ከቤንዚን ወደ ናፍጣ የምትቀይሩ ደግሞ ፍሬናችሁን አስቡ፤ ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በአየር ማስገቢያው ውስጥ ቫኪዩም ስለማይፈጥር፣ ለፍሬን አጋዡ አየር የምትስብለት ትንሽ ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተገጥማለች። ዲናሞውን ከሌላ መኪና ያመጣና እሷን የዘነጋ ሰው፣ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀዋል።

አሁን ሶማሌ ተራ ነን እንበል። ሞተሮቹ አሮጌ ጎማ ላይ ተደርድረዋል፤ በናፍጣ ታጥበው ያብረቀርቃሉ። ማብረቅረቁን ተዉት። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና በጣታችሁ ውስጡን ዳብሱ። ጥቁር ዘይት ከሆነ ደህና፤ እንደ ሬንጅ የጋገረ ከሆነ ዘይት ሳይቀየርለት የኖረ ነው። ቴርሞስታቱ የሚቀመጥበትን ቤት አስፈትታችሁ እዩ፤ ውስጡ በዝገት ቡኒ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ኖሯልና የውሃ መንገዱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ከፊት ያለውን ትልቁን ብሎን በቁልፍ ይዛችሁ ሁለት ዙር ሙሉ አዙሩ። በየግማሽ ዙሩ ጠንከር ብሎ ተቃውሞ ለቀቅ ማለት አለበት፤ አንዱ ጋ ሲደርስ ያለ ተቃውሞ ከዞረ ያ ሲሊንደር ባዶ ነው። ሻጩ "ዋስትና አለው፣ እቤትህ ወስደህ ሞክረው" ይላል፤ ዋስትናው ስንት ቀን እንደሆነና ገንዘብ ይመለስ ወይስ ሌላ ሞተር ይሰጥ እንደሆነ ወረቀት ላይ ይጻፍላችሁ።

ወረቀት ካነሳን የሞተር ቁጥሩ አለ። ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር በጨርቅ ጠርጋችሁ አንብቡ፤ ተፍቆ እንደገና የተመታ ከመሰላችሁ ዋጋው ቢረክስም ጥላችሁት ሂዱ። ሊብሬያችሁ ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር ተጽፏል። አዲሱ ቁጥር እዚያ ካልገባ ቦሎ ስታወጡ፣ ወይም መኪናውን ስትሸጡ ጣጣ ነው። ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ሰነድና ደረሰኝ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ተቀበሉ። ከከፈላችሁ በኋላ ሻጩ "ነገ አመጣለሁ" የሚላት ነገ ረጅም ናት።

ሞተሩ ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት መሬት ላይ እያለ የታይሚንግ ቺንጋውን፣ የውሃ ፓምፑንና የኮሎውን የኋላ ዘይት መያዣ ጎማ ለውጡ። ፋብሪካው ቺንጋውን በ100,000 ኪሎ ሜትር ለውጡ ይላል፤ የተገዛ ሞተር ስንት እንደሄደ ግን ማን ያውቃል? ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ የሞተሩ ዋጋም አብሮ ሄደ። ፍሪሲዮኑንም አብራችሁ አስገቡ፤ ለሱ ብሎ ካምቢዮ እንደገና ማውረድ ድርብ የእጅ ዋጋ ነው።

ከዚያ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሳታስጨንቁ ንዱና ዘይቱን ቀይሩ። ጠቁሮ ሲወጣ አትደንግጡ፤ ናፍጣ ሞተር ዘይቱን ያጠቁራል። ነጣ ብሎ ወፍሮ ከወጣ ግን ውሃ ገብቶበታልና መኪናውን እዚያው አቁሙና ያቺን የዋስትና ወረቀት ፈልጉ።