ለወርዋሪው ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ከክለቡ ጋር ውል ከመፈረምህ በፊት ይህች ደብዳቤ ትድረስህ ብዬ ቸኩዬ ነው የምጽፍልህ። በስልክ ብነግርህ «እሺ አባዬ» ብለህ ትዘጋዋለህ።

ስለ ማርክ ፊድሪች ላጫውትህ። በፈረንጆቹ 1976 ለዲትሮይት ታይገርስ የቤዝቦል ቡድን መወርወር ሲጀምር ገና 21 ዓመቱ ነበር። የመወርወሪያው ጉብታ ላይ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ይደለድላል፤ ኳሷን ፊቱ አጠገብ ይዞ ያናግራታል። የቡድን ጓደኛው ጥሩ አድርጎ ከተከላከለለት ሄዶ እጁን ይጨብጠዋል። ጁን 28 ማታ አገር በቴሌቪዥን እያየው ያንኪስን 5 ለ 1 ሲረታ፣ ሕዝቡ ጨዋታው አልቆም «ካልወጣልን አንሄድም» አለ። በዚያ ዓመት 19 አሸንፎ 9 ተሸነፈ፤ የሊጉ ምርጥ ጀማሪም ተባለ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ 24 ጨዋታ ሳይቀየር እስከ መጨረሻው ወርውሯል። ዛሬ አንድ አሰልጣኝ በጀማሪ ልጅ ላይ ይህን ቢያደርግ ውሎ አያድርም።

በዓመቱ ልምምድ ላይ ኳስ ሲያሳድድ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተመለሰ። ብዙ ሳይቆይ ባልቲሞር ላይ ሲወረውር ክንዱ ከዳው። ከዚያ ወዲያ መነሳትና መውደቅ ብቻ ሆነ፤ በ1980 ከትልቁ ሊግ ወጣ። በጠቅላላው ያሸነፈው 29 ጨዋታ ነው። የትከሻው ጅማት መቀደዱ የታወቀው ደግሞ በ1985፣ ጨዋታውን ከተወ በኋላ! ክንዱ በከዳው ጊዜ የዛሬው ኤምአርአይ አልነበረም።

ለአንተ ግን አለልህ። ክርንህን ወጋ ካደረገህ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ተናገር። «ቦታዬን ሌላ ይወስድብኛል» ብለህ እንደምትፈራ አውቃለሁ፤ ይውሰደዋ! ሌላው ወርዋሪ ቶሚ ጆን በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የክርኑን ጅማት ከተኩለት በኋላ 1975ን ሙሉ አልተጫወተም። ተመልሶ እስከ 1989 ወረወረ። ሁሉም ዕድሉ እንደ እሱ አይቃናም፤ ግን የተቀመጠበት ዓመት አልጎዳውም።

ፊድሪችን ብዙ ሰው «ምስኪን» ይለዋል። እኔ አልለውም። ማሳቹሴትስ ገብቶ እርሻ ያዘ፤ የራሱን ገልባጭ መኪና እየነዳ ቤተሰቡን አስተዳደረ። እንጀራ ነው፣ ምን ነውር አለው?

አንተም ብትሆን ሌላ መንገድ ይኑርህ። ክለቡ የኮሌጅ ክፍያህን እንደሚሸፍን ውሉ ላይ መጻፉን በዓይንህ አይተህ ፈርም። «በቃል ተስማምተናል» ቢሉህ እሺ እንዳትል። ጨዋታ ካቆምክ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ካልጀመርክ መብቱ ስለሚቀር፣ ቀኑንም ጠይቃቸው። የውሉን ቅጂ ፎቶ አንስተህ ዛሬውኑ ላክልኝ፤ ማታ ከሥራ ስገባ አነበዋለሁ።

አባትህ