የበዓል ማዕድ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው

የፋሲካ በዓል ሲቃረብ ወደ እኛ ወደ አገልጋዮች ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ፓስተር፣ ቤተ ሰቦቼ ኦርቶዶክሶች ናቸው። ለበዓሉ እነርሱ ጋር ባልሄድ ይሻል ይሆን?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ከበስተ ጀርባው ግን ብዙ ጊዜ ልጇን የምትጠብቅ እናት አለች። ስለዚህ በችኮላ አንመልሰውም።

እስቲ ያቺን እናት እናስባት። 55 ቀን ጾማለች፤ ምናልባትም ከዓርብ ጀምሮ አክፍላለች። ቅዳሜን ሽንኩርት ስትከትፍ አርፍዳ፣ ዶሮውን በ12 ብልት ገነጣጥላ፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ አጥባ፣ ቁሌቱን በዝግታ እያበሰለች ከምድጃው ሳትለይ ትውላለች። ጾም ላይ ስለሆነች ግን ወጡን አንድ ጊዜ እንኳ አትቀምሰውም። ጨዉን በእጇ ልምድ፣ መብሰሉን በሽታው ታውቀዋለች። ራሷ ሳትቀምስ ለልጆቿ የምትሠራ እናት ፍቅሯን በቃል ባትናገርም ወጡ ይናገርላታል።

መጽሐፍ ቅዱሳችንም ማዕድን እንደ ተራ ነገር አያይም። እግዚአብሔር እስራኤልን ከግብፅ ሲያወጣ የፋሲካን በዓል የሰጣቸው በየቤቱ በሚበላ ጠቦት ነው። ቤተ ሰቡ ለአንድ ጠቦት የሚያንስ ከሆነ ከጎረቤቱ ጋር እንዲካፈል አዘዘ (ዘጸአት 12፥4)። ቅርጫ ለምናውቅ ለእኛ ይህን መረዳት አይከብደንም። ልጆች የሥርዓቱን ትርጉም ሲጠይቁም ወላጆች የጌታን ማዳን እንዲነግሯቸው ታዘዙ (ዘጸአት 12፥26-27)። ወንጌሉ በአደባባይ ብቻ ሳይሆን በማዕድ ዙሪያም ይነገራል ማለት ነው።

ጌታ ኢየሱስም ከትንሣኤው በኋላ በኤማሁስ የታወቀው እንጀራውን ባርኮ በቆረሰ ጊዜ ነው (ሉቃስ 24፥30-31)። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም ያልያዙትን ደቀ መዛሙርት በፍም ላይ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ጴጥሮስን «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነበር (ዮሐንስ 21)። የካደውን ሰው ከመጠየቁ በፊት አበላው።

ስለዚህ ለጥያቄው መልሳችን «ሂዱ» የሚል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የማያምን ሰው ቢጠራን እንኳ ሄደን የቀረበልንን እንድንበላ ከፈቀደ (1ኛ ቆሮንቶስ 10፥27)፣ የኢየሱስን ስም መጀመሪያ የሰማንባት እናት ቤት እንዴት ይከለከላል? ስንሄድ ግን ክርክር ይዘን አንሂድ። እርሷ ስትጾም እኛ አልጾምን ይሆናል፤ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ ቃሉ ያዘናል (ሮሜ 14፥3)። አባት ድፎ ዳቦውን ይዞ ሲባርክ በአክብሮት እንቁም፣ አሜን እንበል። ከሕሊናችን ጋር የማይስማማ ነገር ቢኖር በትሕትና እንለፈው። ይልቁንም ቀደም ብለን ደርሰን ሽንኩርቱን እንክተፍ፤ ወንዶችም ጭምር። ጉርሻዋን እንቀበል፣ እኛም እናጉርሳት። ስለ እምነታችን ከጠየቀችን ደግሞ በየዋህነት እንንገራት።

በእምነታቸው ምክንያት ከቤት የተባረሩ፣ እስከ ዛሬ በሩ ያልተከፈተላቸው ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ቁስላችሁ እውነተኛ ነው፤ በሩን በግድ ግፉ አንላችሁም። «እንኳን አደረሳችሁ» የምትል አንዲት ስልክ ግን በሩ ከእናንተ ወገን እንዳልተዘጋ ትናገራለች።

ጉባኤዋም እነዚህን ልጆች መርሳት የለባትም። በእስራኤል በዓል መጻተኛው፣ የሙት ልጁና መበለቲቱ ከቤተ ሰቡ ጋር ተቆጥረው ነበር (ዘዳግም 16፥14)። በነህምያ ዘመንም ሕዝቡ ከበዓሉ ምግብ ምንም ላልተዘጋጀላቸው ድርሻ እንዲልኩ ተነገራቸው (ነህምያ 8፥10)። ዶሮ መግዛት ለብዙ ቤት በከበደበት በዚህ ጊዜ ከጎናችን ያለውን ቤት እንመልከት። በቤሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ በሰው ቤት የበዓልን ቀን በሥራ ለሚያሳልፉ እህቶቻችንም እንደውልላቸው። ዶሮ የሌለበት ቤትም አይፈር፤ በጥል ከሚበላ የሰባ በሬ በፍቅር የሚበላ ጎመን እንደሚሻል ጠቢቡ ነግሮናል (ምሳሌ 15፥17)።

እኛ አገልጋዮችም የበዓሉን ፕሮግራም በጊዜ እንጨርስና ሰዎችን ወደ ቤታቸው እናሰናብት። እናቶች ሁልጊዜ አይኖሩም። ዘንድሮ የሚጠብቀን ወንበር በሚቀጥለው ዓመት ላይጠብቀን ይችላል፤ ከወንበሩ አጠገብ የምትቀመጠውም እንዲሁ።

ጌታ ማዕዳችሁን ይባርክ፤ የተለያዩትን ያገናኝ፤ በመካከላችሁም እንጀራውን የሚቆርስ እርሱ ራሱ ይሁን። አሜን።