ከጥይቱ በፊት የነበሩት እሑዶች



ምስክርነት ስንሰማ ብዙዎቻችን የምንጠብቀው መጨረሻውን ነው። የታመመው ተፈወሰ ወይ? የታሰረው ተፈታ ወይ? እልልታችንም የሚሰማው እዚያ ስንደርስ ነው። ዛሬ ስለማጫውታችሁ መጽሐፍ ግን መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ ወደ ኋላ እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ጆሃንስበርግ ውስጥ ፓትሪሺያ ኖዋ የተባለች እናት ከቤተ ክርስቲያን በተመለሰችበት እሑድ የቀድሞ ባሏ ጭንቅላቷን በጥይት መታት። ጥይቱ ከኋላ ገብቶ በፊቷ በኩል ሲወጣ አንጎሏን አልነካም። ፓትሪሺያ በሕይወት ተረፈች። ይህን የጻፈው ልጇ ትሬቨር ኖዋ ነው፤ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታወቀው ደቡብ አፍሪካዊ ኮሜዲያን። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው «ቦርን ኤ ክራይም» ነው፤ «ወንጀል ሆኖ የተወለደ» እንደ ማለት።

ይህ ተአምር የሚገኘው ግን በመጨረሻው፣ በ18ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። እኔ ደጋግሜ የማነባቸው ከእሱ በፊት ያሉትን ምዕራፎች ነው።

ትሬቨር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። እናቱ ጥቁር፣ የኮሳ ተወላጅ ናት፤ አባቱ ነጭ፣ ስዊዘርላንዳዊ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕግ ደግሞ በነጭና በጥቁር መካከል የሚደረግን ግንኙነት ከልክሎ በእስራት ይቀጣ ነበር። ስለዚህ የሕፃኑ የቆዳ ቀለም ራሱ በወላጆቹ ላይ ማስረጃ ነበር። እናቱ ወደ መናፈሻ ስትወስደው አንዲት ክልስ ጎረቤቷን ትለምናለች፤ ጎረቤቲቱ እንደ እናት ከጎኑ ትሄዳለች፣ የወለደችው እናት እንደ ሠራተኛ ከኋላ ትከተላለች። ሶዌቶ አያቱ ቤት ሲሄድም እንደ ሌሎቹ ልጆች መንገድ ላይ ወጥቶ መጫወት አይፈቀድለትም ነበር።

ይህን ሳነብ የሙሴ እናት ትዝ አለችኝ። እሷም በአዋጅ የተከለከለ ልጅ ወልዳ ሦስት ወር ደብቃዋለች። ስለ ሙሴ ስንሰብክ ቶሎ ወደ ቀይ ባሕር እንሮጣለን። ቅርጫቱን ዝፍትና ቅጥራን የቀባችው ግን እናቱ ናት፤ እኅቱም ራቅ ብላ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

ፓትሪሺያም የራሷ ቅርጫት ነበራት። እሑድ እሑድ ልጇን ይዛ ሦስት ቤተ ክርስቲያን ትዞራለች፤ አንዱ ሁሉም ዘር የሚሰበሰብበት፣ አንዱ የነጮች፣ አንዱ የጥቁሮች። አሮጌዋ ቮልስዋገን አልነሣም ስትል እናት ሰይጣን ሊያስቀረን ነው ብላ ሚኒባስ ፍለጋ ትወጣለች፤ ልጅ ደግሞ ጌታ ራሱ ቤት እንድንውል ፈልጎ ቢሆንስ ብሎ ይሟገታል። እዚህ ላይ ሳልስቅ አላልፍም፤ እናንተም የምትስቁ ይመስለኛል። ይህች እናት ገንዘብ ባይኖራትም ለልጇ መጻሕፍት ታመጣለች። እንግሊዝኛ የመጀመሪያ ቋንቋው እንዲሆን ታደርጋለች። በአገሩ ልማድ ስም ትርጉም ይይዛል፤ እሷ ግን ስሙ ዕጣውን እንዳይወስንበት ብላ እዚያ ምንም ትርጉም የሌለውን «ትሬቨር»ን መረጠችለት። ሲያጠፋ ደብዳቤ ትጽፍለታለች፤ እሱም በደብዳቤ ይመልሳል። ጥቁር ልጅ የማይደርስበት ተብሎ የታጠረውን ሁሉ አጥሩ እንደሌለ አድርጋ አሳየችው። ይህን ስታደርግ አፓርታይድ መቼ እንደሚወድቅ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

መጽሐፉ የስብከት መጽሐፍ አይደለም፤ የመንደር ስድብም አለበት። ልጁም ከእናቱ እምነት ጋር እስከ መጨረሻው ይከራከራል። እኔ ምስክርነቱን ያመንኩት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ያ ሰው ፓትሪሺያን መምታት የጀመረው ጥይቱ ከመተኮሱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ከስሳለች። ልጇ እንደጻፈው ግን ፖሊሶቹ ነገሩን የባልና ሚስት ጠብ አድርገው፣ ከባልየው ጋር እየተጫወቱ መለሷት። እግዚአብሔር ጥይቱን መመለሱ፣ ሰዎች በሩን የዘጉባትን ቀን ትክክል አያደርገውም። «እሱ ይጠብቃታል» ብሎ ዝም ማለት እምነት አይደለም።

ከመካከላችን ቤቱ ሰላም የሌለው ወንድም ወይም እኅት አለ። ወደ ኅብረቱ ይመጣል፣ ይዘምራል፣ ይሄዳል። «ጸልዩልኝ» ሲል እንጸልይለታለን፤ መልካም ነው። ከአሜን በኋላስ? ማታ የት እንደሚያድር፣ የሚያምነው ትልቅ ሰው እንዳለው የጠየቀ ማን ነው? የሙሴ እኅት ለወንድሟ የሠራችው ሥራ ቆሞ መጠበቅና በሰዓቱ አፍ አውጥቶ መናገር ነበር። ይህ ለወጣት የሚከብድ አገልግሎት አይደለም።

እንግዲህ በሚቀጥለው የኅብረት ጊዜያችሁ አንድ ሰው ቆሞ ሲመሰክር እልል በሉ፤ ለጌታ ይገባዋል። ሲቀመጥ ግን አጠገቡ ሄዳችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ከዚያ ቀን በፊትስ እንዴት ኖርክ? ማን ከጎንህ ነበር?» መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ዛሬም በዚያው መንገድ ላይ ያለ ሌላ ሰው በመካከላችሁ እንዳለ ፈልጉ።