ከስታዲየም እስከ መሐል ሜዳ

ከልጅነቴ ጀምሮ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ወረድ ብዬ ስለ አንድ የቡና ደጋፊ ደግ ደጉን ስጽፍ የሚያውቁኝ ሰዎች ግር እንዳይላቸው ነው። ሰውዬው ታናሽ ወንድሜ ነው።

ድጋፉን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ የመንዝ ሰው ናቸው። በ1954 ዓ.ም. የ22 ዓመት ወጣት ሳሉ ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ወርደው ነበር። ጥር 13 ቀን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አለ ሲባል ሰውን ተከትለው ስታዲየም ሄዱ። የመግቢያ ገንዘብ ስላልነበራቸው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጩኸቱን አዳመጡ። ጨዋታውን ያየ ሰው የሚያወራው ሌላ ነው፤ ግብጽ ሁለት ጊዜ መርታ ሁለቴም አቻ መሆናችን፣ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 ማሸነፋችን፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ መቀበሉ። አባቴ ግን የሚያወሩት ስለ ጩኸት ነበር። «የኀዘኑ ዝምታና የደስታው ጩኸት ከውጭ ሆነህ ስትሰማው ይለያል» ይሉ ነበር። ሕዝቡ ሲወጣ አንዱን ይዘው የመጨረሻውን ማን እንዳገባው ጠየቁት። «መንግሥቱ፣ የጊዮርጊሱ» አላቸው። በዚያው የጊዮርጊስ ደጋፊ ሆኑ።

እኔም እንዲሁ ሆንኩ። ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች የተመሠረተ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ስሙን እንዲቀይር የተገደደ፣ ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ ሰው ያፈራ ክለብ ነው። የሊጉን ዋንጫ ከ30 ጊዜ በላይ አንስቷል። የእኛ ደጋፊዎች ትልቁ ጉድለት ይህንኑ ታሪክ ለሁሉም ክርክር መልስ ማድረጋችን ነው። በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው ቡና ከእኛ ጋር ሲተያይ የትናንት ልጅ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አልክድም። ቡና ተሸንፎም ደጋፊው እየዘፈነ ይወጣል። እኛ አቻ ስንወጣ እንኳ አኩርፈን ነው ወደ ቤት የምንገባው።

አዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቅ ሰው ካታንጋን፣ ሚስማር ተራን፣ ከማን አንሼን፣ ጥላ ፎቅን ያውቃል። የሰፈር ስም ይመስላሉ፤ ለእኛም ሰፈር ነበሩ። መቀመጫው ሲሚንቶ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ከጥላ ፎቅ በቀር መጠለያ አልነበረም። ሽንት ቤቱን አለማንሳት ይሻላል። ይሁን እንጂ ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው ስሙን ሳይጠይቅ አቅፎ የሚዘልበት ሌላ ቦታ በከተማችን አላውቅም። ደርቢ ሲሆን ግን ያው ሰው ከወዲያ ማዶ ላለው የሚወረውረው ቃል ልጅ ይዞ ለመጣ አባት ያሳፍራል። እኔ ልጄን ይዤ ነበር የምሄደው፤ ሲሳደብ ካየሁት ሰው መሀል ደግሞ አንዱ እኔው ነበርኩ።

ወንድሜ ቡናን የመረጠው እኔን ለማናደድ ነው ብዬ ለብዙ ዓመት አምን ነበር። በ2003 ዓ.ም. ቡና የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ማታ ደወለልኝ። ከበስተጀርባው ጭፈራ ይሰማል። «ጋሼ፣ እንኳን አደረሰህ!» አለኝ እየሳቀ። ዓመቱን ሙሉ ስተርበው የከረምኩት እኔ ነበርኩና መልሱ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን እንዲህ አልኩት፦ «ለእናትህ ተዝካር መድረስ አቅቶህ ለጭፈራ የደረስክ ሰው!»

እናታችን ያረፈች በዓመት ከመንፈቅ በፊት ነው። ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ተዝካሩ ዕለት ጅቡቲ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ሁለት ቀን በረሃ ላይ አድሯል። ይህን አውቃለሁ። አውቄ ነው የተናገርኩት። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አልተደዋወልንም።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ከሱዳን ጋር የነበረውን ጨዋታ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለመጣን 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃን ነበር። ከንጋት ጀምሬ ተሰልፌ ገባሁ። አዳነ ግርማ አንዱን፣ ሳላዲን ሰዒድ ሌላውን አገቡ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ አየሁ። ያን ዕለት ወንድሜ እዚያው ስታዲየም ውስጥ እንደነበር የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ አባታችን ታመው ሁለታችንንም አስጠሩን። ከገና እስከ ጥምቀት አብረናቸው እንድንቆይ ፈለጉ። እኔ የ9 ዓመት ልጄን ይዤ ተነሣሁ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ እስከዚያ ልጄ ስለ አርሴናል ሲያወራኝ ሄደ። ከደብረ ብርሃን በኋላ ብርዱ ንግግር ያሳጥራል። ጣርማበር ላይ ዋናው መንገድ ወደ ደብረ ሲና ሲያመራ፣ የመንዙ መንገድ ወደ ግራ ተገንጥሎ በደጋው ላይ ይዘልቃል። የድንጋይ ካብ፣ የገብስ ማሳ፣ ጸጉራቸው የበዛ ትናንሽ በጎች፣ ባና የደረበ እረኛ። ሞላሌን አልፈን መሐል ሜዳ ገባን። ልጄ የከተማዋን ስም ሲሰማ ሳቀ። «እዚህ ሁሉም ሰው አማካይ ተጫዋች ነው?» አለኝ።

ወንድሜ ከእኛ በፊት ደርሶ አባቴ እግር ሥር ተቀምጧል። ተነሥቶ ልጄን አቅፎ ሳመ። እኔን በእጁ ብቻ ጨበጠኝ።

የገና ዕለት አባቴ ሜዳ ካልወሰዳችሁኝ አሉ። እንደ ልጅነታቸው ገና ሲመታ ማየት ይፈልጋሉ። ከሳቸው ጋር ለመከራከር አቅም ያለው አልነበረም። ወንድሜና እኔ በግራና በቀኝ ደግፈናቸው፣ ገብሱ ታጭዶ የተነሣበት መስክ ዳር ድንጋይ ላይ ባና አንጥፈን አስቀመጥናቸው።

ከተሜ አንባቢ ገናን የሚያውቀው ምናልባት ከጃን ሜዳ ነው። መንዝ ውስጥ ግን የመንደር ጉዳይ ነው። የላይኛው አምባ ከታችኛው ይገጥማል። የተጫዋች ቁጥር የተወሰነ አይደለም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። ሁሉም ጫፉ የተቆለመመ ዱላውን፣ ማለትም ገናውን ይዞ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር ወደ ተጋጣሚው ወሰን ለማሳለፍ ይሯሯጣል። ከቆዳ የተሠራችው ጥንግ ትባላለች። ሩሯ ከዱላ ላይ ስትነሣ ድንጋይ ነው የምትመስለው። መለያ ልብስ የለም፤ ማን የማን ወገን እንደሆነ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው። ልጄ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ዳኛው የታለ?» ብሎ ነው። አባቴ ሰምተው፣ ዳር የተቀመጡትን ሽማግሌዎች በዱላቸው አሳዩት።

ስለ ተጫዋቾቹም አስተያየት አለኝ፤ ደጋፊ ነኝና። የታችኛው አምባ አንድ ረጅም ቀጭን ጎልማሳ ነበረው፤ ሩሯን በሮጠበት ሳያቆም ይመታታል። ከፊቱ ክፍት ቦታ ሲያይ የሚያመነታ አልነበረም። የላይኛው አምባ ጉልበተኞች ቢበዙትም ሁሉም ሩሯን ተከትሎ ይተራመሳል። መሐል ሜዳ ላይ መሐል ሜዳውን የሚይዝ ሰው አልነበራቸውም። ተሸነፉ።

ከዚያ ስድቡ ተጀመረ። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው አይቆጣም የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። አሸናፊዎቹ እየጨፈሩ የተሸናፊውን መንደር አንድ በአንድ አወረዱት። የአንዱን ስስት፣ የአንዱን የከሳ በሬ፣ ሚስቱን ፈርቶ ከጠላ ቤት በጊዜ የሚገባውን ሰው ሳይቀር አነሡ። ተሰዳቢዎቹ አብረው ይስቃሉ። ልጄ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስስቅ ቆይቼ አባቴን «ይህስ ከስታዲየሙ በምን ይሻላል?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና፣ «እዚህ የሚሰድብህ ነገ አብሮህ ያጭዳል። ስለዚህ የሚነካውንና የማይነካውን ያውቃል። በሬህን ይሰድባል፤ የሞተብህን አያነሣም» አሉኝ።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። አባቴ ነገሩን አውቀው የተናገሩ መስሎኝ ወንድሜን ዞሬ ተመለከትኩት። እሱ ሜዳውን እያየ ነው።

ማታ ወንድሜ እንጨት ሊያመጣ ሲወጣ አባቴ ጠጋ ብለው፣ «ለመሆኑ እናንተን ያጣላችሁ ምንድን ነው? እሱን ብጠይቀው ‹የኳስ ነገር ነው አባባ፣ ያልፋል› አለኝ» አሉኝ። ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ቃሌን ለአባታችን አልነገረም። እኔ በደንብ አድርጌ ሰድቤዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ከአባቴ ዘንድ ክብሬን ጠብቆልኛል።

በማግስቱም፣ በሳልስቱም ይቅርታ ልለው አስቤ ቃሉ አልመጣልኝም። ከጥምቀት በፊት ልጁን ጓሳ እናሳየው ብሎ ያነሣው እሱ ነው። ጓሳ ከመሐል ሜዳ ብዙም የማይርቅ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ የሣር ምድር ነው። የአካባቢው ሕዝብ ቀሮ በሚባል የጋራ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ጠብቆታል። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲፈቀድ ብቻ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ያለጊዜው የገባ ይቀጣ ነበር። ልጄ የጭላዳ መንጋ አየ፤ ከሩቅም አንድ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታደባ አየን። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን ቆምን። እዚያ ነፋስ ላይ ቆመን ነው ለወንድሜ፣ «ያን ቀን የተናገርኩት ልክ አልነበረም። መኪናህ መበላሸቱን አውቅ ነበር» ያልኩት። ጥቂት ዝም አለና፣ «እኔም ጨዋታውን ትቼ ብሄድ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ» አለኝ።

«የምን ጨዋታ?»

«ከመነሣቴ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ስታዲየም ገብቼ ነበር። ጠዋት ተነሥቼ ቢሆን ኖሮ እደርስ ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። ሳላውቅ የወረወርኩት ቃል ትክክለኛው ቁስል ላይ ነበር ያረፈው። ምንም አልመለስኩለትም። ባናዬን አውልቄ ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት፤ እሱ ሾፌር ነው፣ ብርድ አይችልም።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ተጫወተች። ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ በ51ኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት። ይህን ያስታወሱት አባቴ ናቸው። ከተማ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ይዘናቸው ሄድን። ሰው በር ላይ ድረስ ሞልቷል፤ ለሳቸው ግን ከፊት ወንበር ተለቀቀ።

ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። በ10 ሰው ቀርተን ግብ ገባብን። ሻይ ቤቱ ዝም አለ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ደክሟቸው መስሎን «አባባ፣ እንሂድ?» አልናቸው። «ተዉኝ፣ እየሰማሁ ነው» አሉ።

ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አገባ። ወንድሜ፣ በየደርቢው አዳነን ሲሰድብ የኖረው ወንድሜ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ «አዳኔ! አዳኔ!» እያለ ጮኸ። እኔ ልጄን አንሥቼ ዘለልኩ። ዞር ስንል አባቴ ዓይናቸውን ገልጠው ይስቃሉ። «ይህ የደስታው ነው» አሉ።

1 ለ 1 አለቀ። ከዚያ በኋላ በቡርኪናፋሶና በናይጄሪያ ተሸንፈን ወጣን። አባቴ የሚቀጥለውን ገና አላዩም።

ዓመታት አልፈዋል። አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘግቶ ለዓመታት ቆየ፤ ብሔራዊ ቡድናችንም መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ ጠፍቶ የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ አየን። በዚህ መሀል ያደጉ ልጆች ኳስን የሚያውቁት በስክሪን ነው። የለንደንን ስታዲየም በር ቁጥር ይነግሩናል፤ ካታንጋ ምን እንደሆነ አያውቁም። እኔ ግን ልጅን ወደ ሜዳ መውሰድ ይበጃል እላለሁ፤ የሰፈር ግጥሚያም ይሁን፣ ሰላም ሲሆን የአያት አገር ገናም ይሁን። ሽንፈትን ከሰው መሀል ቁጭ ብሎ ይማረው። አፋችንን ግን እንጠብቅ፤ እሱ የሚያየው ሜዳውን ብቻ አይደለም።

ልጄ ዛሬ የማን ደጋፊ እንደሆነ ባልነግራችሁ ደስ ይለኛል። ማሊያውን የገዛለት አጎቱ ነው።