አክተሩ ማን ነበር?

እኔ የሰበታ ልጅ ነኝ። ሁለት የልብ ወዳጆች አሉኝ፤ አንዱ የቡራዩ፣ ሌላው የሱሉልታ ሰው ነው። ሦስታችንም አዲስ አበባን እንደ መሶብ ከበን ተቀምጠን ከመሃል የምንቆርስ ሰዎች ነን። በ2015 ዓ.ም. ከተሞቻችን ከነጎረቤቶቻቸው ተጠቃለው «ሸገር ከተማ» ሲባሉ የቡራዩው ወዳጄ ደወለልኝ።

«እንግዲህ አንድ ከተማ ሆነናል። ስለዚያ ፊልምም አንድ እንሁንና ይብቃን» አለኝ።

«መሳሳትህን ካመንክ እኔ ዝግጁ ነኝ» አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

«ያ ፊልም» የምንለው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀውን «ድፍረት»ን ነው። ስሙ ራሱ ክርክር ይጭራል። ድፍረት ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። እኛ ደግሞ ክርክር ሲገኝ የምናሳልፍ ሰዎች አይደለንም።

ወሬው የደረሰን ጥር 2006 ላይ ነው። ፊልሙ አሜሪካ በሚካሄደው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ ተባለ። ወር ሳይሞላው በርሊን ላይ ሌላ የተመልካቾች ሽልማት ደገመ። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ ነው ተባለ። ዋና ፕሮዲውሰርነት ላይ የአንጀሊና ጆሊ ስም አለበት ተባለ። ጉጉታችን ልክ አጣ። ግን የእኛ ጉጉት ምን ላይ እንደተንጠለጠለ ልብ በሉ። ጆሊን የምናውቃት በግራና ቀኝ እጇ ሽጉጥ ይዛ ስትዘል ነው። የአገሬ የወንጀል ፊልም በእሷ ስም ሲመጣ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ከፎቅ ይዘላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሽልማቱን የሰጡት ተመልካቾች መሆናቸውም እምነቴን አጠነከረው። እነዚያ ተመልካቾች የሰንዳንስና የበርሊን እንጂ የአስኮና የአየር ጤና አለመሆናቸውን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

የፊልሙ ታሪክ እውነተኛ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1996 አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትሞክር የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ነበር፤ ተኮሰች፤ ሰውየው ሞተ። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ በመጨረሻም ራሷን ስትከላከል ነው የገደለችው ተብሎ ነጻ ወጣች። በፊልሙ ልጅቷን ትዝታ ሃገሬ፣ የማኅበሩን መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ሜሮን ጌትነት ይተውኗቸዋል። የልጅቷ ስም ተቀይሮ «ሂሩት» ሆኗል። በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ተብሎ የሚጠቀሰውም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነበር። ሲኒማችን ሂሩት የምትባል ልጅን ፍርድ ፊት ሳያቆም መቀጠል የቻለ አይመስልም።

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ፊልሙ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ አዳራሹ ሞላ። ሊጀመር ሲል አዘጋጁ መድረክ ላይ ወጥቶ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መታገዱን ተናገረ። ያሳገደችው ሌላ ማንም ሳይሆን የታሪኩ ባለቤት ናት። ታሪኬን ያለፈቃዴ ተጠቀሙበት ብላ ነበር። ስለ ፍርድ ቤት የተሠራን ፊልም ፍርድ ቤት አገደው። እኛ የጥሪ ካርድ የሚደርሰን ሰዎች አይደለንምና ወሬውን የሰማነው በማግስቱ ነው። እንደ እገዳ ያለ ማስታወቂያ ደግሞ የለም። ያን ጊዜ ለፊልም ግድ ያልነበረው የሱሉልታው ወዳጄ እንኳ «ይሄንንማ ሳላይ አልሞትም» አለ።

እገዳው ተነስቶ ፊልሙ ለሕዝብ ሲቀርብ ሦስታችንም ተቀጣጥረን አዲስ አበባ ገባን። እዚህ ላይ መሃል ከተማ የሚኖር አንባቢ ሊረዳው የማይችል አንድ ነገር አለ። የዳር ከተማ ሰው ማታ ሲኒማ ቤት ሲገባ ሁለት ሰዓት ቆጣሪዎች ይዞ ነው፤ አንዱ የፊልሙ፣ ሌላው የመጨረሻው ታክሲ። የሰበታ ታክሲ ከአየር ጤና፣ የቡራዩ ከአስኮ፣ የሱሉልታ ከአዲሱ ገበያ ነው። የወንጀል ፊልም ምስጢሩን የሚፈታው ደግሞ ልክ ታክሲው ሊያልቅ ሲል ነው። ስንት ገዳይ በታክሲ ምክንያት ሳይታወቅብኝ ቀርቷል!

በማግስቱ በስልክ ችሎት ተሰየምን።

እኔ ቅሬታዬን አስቀደምኩ። «ጥይቱ ቶሎ አለቀ። ገና መጀመሪያው ላይ ተኩሳ ገደለችው፤ ከዚያ በኋላ ወረቀት፣ ቢሮ፣ ወረቀት። ሩጫው የታለ?»

የቡራዩው ወዳጄ በተቃራኒው ወረቀቱ አነሰ አለ። እሱ በአንድ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚውል ራፖር ጸሐፊ ነው። «ያቺ ልጅ ከጣቢያ እስከ ችሎት ስንት ቀጠሮ ተመላልሳለች? ስንት ጊዜ መዝገቡ ጠፍቷል? ዳኞቹ ስንቴ አልተሟሉም? እሱን ያላሳየ ፊልም ፍርድ ቤት አሳየሁ ይላል?»

የሱሉልታው ወተት የሚያልብ ሰው ነው፤ ቶሎ አይናገርም። «የሟች እናትስ?» አለ በመጨረሻ። «የሟች ወገን ሳይጠየቅ ነገር አለቀ ይባላል?»

በዓመቱ መስሎኝ ነበር የሚያልፍልን። አላለፈልንም። አንድ ቀን ግን ነገሩን ገልብጬ ማየት ጀመርኩ። ፊልሙ አንድ ነው፤ የተቀመጥነው ጎን ለጎን ነው፤ ታዲያ ይሄ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? የዘር ሐረጉን መቁጠር ያዝኩ።

የኔ ቅርብ ነው። ሰበታ ውስጥ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ከተሸፈነ ቪዲዮ ቤት ይጀምራል። አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ የሃምሳ ሳንቲም መግቢያ። እዚያ የተማርኩት ሕግ ከየትኛውም ሕግ ይልቅ ጭንቅላቴ ውስጥ ተተክሏል። አንቀጽ አንድ፣ አክተር አይሞትም። አንቀጽ ሁለት፣ የአክተሩ ጓደኛ ይሞታል፤ የልጁን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ ካሳየ ደግሞ ዛሬውኑ ይሞታል። አንቀጽ ሦስት፣ ፖሊስ የሚደርሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ይህኛው አንቀጽ ከቪዲዮ ቤት ውጭም እንደሚሠራ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ገዳዩ ሊጋለጥ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መብራት ሄደ። ጠበቅን። አልመጣም። ገንዘባችን ይመለስ ብለን ስንጮህ ባለቤቱ በሩን ከፍቶ «ገዳዩ ሹፌሩ ነው፤ ሂዱ» ብሎ አሰናበተን። ለዓመታት ሹፌሩን ስረግመው ኖርኩ። ትልቅ ሰው ሆኜ ያንን ፊልም ሙሉውን አየሁት። ሹፌር የሚባል ሰው የለበትም።

ግን የሩጫ ፍቅሬ ከቪዲዮ ቤት ይቀድማል። አያቶቻችን ሲኒማ አዲስ አበባ ሲገባ «ሰይጣን ቤት» ብለው ስም ያወጡለት፣ የወንጀል ትርኢት ስላላዩ አልነበረም። ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበራቸው። ዕቃ ሲጠፋ ሌባሻዩ አንድ ልጅ ይዞ ይመጣል፤ ልጁ መድኃኒት ይሰጠውና ይሰክራል። ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ፣ ሌባሻዩ ጫፉን ይዞ፣ መንደር ለመንደር ይሮጣል፤ ሕዝቡም ይከተላል። ልጁ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። መስቀለኛ ጥያቄ የለ፣ ማስረጃ የለ፤ ሩጫና ውድቀት ብቻ። ልማዱ በኋላ በመንግሥት ታገደ። ቪዲዮ ቤታችን ግን ውርሱን ተቀበለ፤ «ገዳዩ ሹፌሩ ነው፤ ሂዱ» ያለኝ ሰውዬም፣ እግዜር ይይለትና፣ ዘግይቶ የተወለደ ሌባሻይ ነበር።

የራፖር ጸሐፊው ወዳጄ የዘር ሐረግ ደግሞ በላ ልበልሃ ነው። ያን ጊዜ ሙግት ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ትርኢትም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ ቁራኛ ሆነው ይሄዳሉ። መንገደኛ ካገኙ «ዳኘን» ይሉታል፤ መንገደኛውም ጉዳዩን ትቶ ዛፍ ሥር ይሰየማል። «ተጠየቅ!» ይባባላሉ፤ በማርና በበቅሎ ይወራረዳሉ፤ በግጥም ይዋጋሉ። ያየው ሰው ማን እንደረታ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደረታ ለሳምንት ያወራል። ከዚህ ወገን የመጣ ሰው ጠበቃዋ ክርክሯን አሳጥራ ስትቀመጥ እንዴት አይከፋው?

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልመስክርለት። ከሦስታችን ፊልሙን ከሕጉ ጋር ያመሳከረው እሱ ብቻ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት እንደነበር፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን ያንን ቀዳዳ ደፍኖ ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ የነገረን እሱ ነው። ወይዘሮ መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙም የደወለው እሱ ነው። «ይሄንን ፊልሙ መጨረሻ ላይ ቢያስገቡት፣ አበዙት ትል ነበር» አለኝ። እል ነበር።

የሱሉልታው ሐረግ ከሁላችንም ይረዝማል። አያቱ ጃርሳ ቢያ፣ የአገር ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሲገደል የገዳይና የሟች ወገን እሳቸውን በመሰሉ ሰዎች ፊት ይቀመጣሉ፤ ጉማ ይቆረጣል፤ ካሳ ይከፈላል፤ ደም ይደርቃል። በዚያ ሥርዓት ጥያቄው «ማን ገደለ?» አይደለም፤ እሱማ ይታወቃል። ጥያቄው «ከነገ ወዲያ አንድ ወንዝ ወርደን ውሃ የምንቀዳው እንዴት ነው?» ነው። በ1960ዎቹ ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀው ፊልም ስሙ «ጉማ» ነበር፤ ዛሬ ለፊልም ሠሪዎቻችን ከሚሰጡት ሽልማቶች አንዱም ጉማ ይባላል። ሲኒማችን ዋንጫውን በደም ካሳ ስም መጥራቱ ለሱሉልታው ወዳጄ አይገርመውም። ገዳዩ ባልታወቀ ጊዜም መላ ነበረ። አውጫጭኝ ተጠርቶ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪጠቆም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እንደዚያ ያለ ተመልካች የመጨረሻ ታክሲ ብሎ ነገር አያውቅም።

ያኔ ገባኝ። የሰንዳንስና የበርሊን ተመልካች ቲኬት ቆርጦ ይገባል፤ ያያል፤ ያለቅሳል፤ ድምፁን ሰጥቶ ይወጣል። የእኛ ተመልካች ችሎት ይሰየማል። ሲኒማ ሳይመጣ በፊት ሲያሯሩጥ፣ ሲያሟግት፣ ሲያስታርቅ የኖረ ሕዝብ ነውና ስለ ወንጀል የተሠራ ፊልም ሲያይ አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም። ውዳሴ የበዛበት ፊልም ሲመጣማ፣ ሌላ አገር የተፈረደ መዝገብ በይግባኝ የደረሰው ያህል ነው የሚያገላብጠው።

ችሎታችን ግን አንድ ትልቅ ስህተት ሠርቷል። እኔ ሩጫ ፈለግሁ፤ ራፖር ጸሐፊው ክርክር ፈለገ፤ የወተቱ ሰው የሟችን እናት ፈለገ። ባለታሪኳን የጠየቀ ከመሃላችን አልነበረም። ከነሐሴ 28 በፊት ስለ እሷ አንዲት ጥያቄ ያነሳ ካለ እጁን ያውጣ። አክተር አይሞትም ብለን አድገን፣ አክተሯ በእርግጥ ሳትሞት፣ በሕይወት ቆማ «ታሪኩ የኔ ነው» ስትል ግን የዋህ ሆነን ደነገጥን። በአያቶቻችን ሸንጎ እንኳ ባለጉዳይ ሳይጠራ ነገር አይጀመርም ነበር።

ስለዚህ ብይኔ ይኸው ነው። ፊልሙ ጥሩ ነው። ሩጫ የለውም ያልኩትን አንስቻለሁ፤ ሩጫውን ልጅቷ ገና መጀመሪያው ላይ ሮጣዋለች፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ለሕጉ የቀረ ሩጫ ነው። ከፊልሙ ሁሉ የበለጠው ትዕይንት ግን ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ የታየው፣ ማንም ሳይጽፈው የመጣው ነው።

ይህን ጽፌ ለሁለቱም አነበብኩላቸው። የቡራዩው «ይግባኝ እጠይቃለሁ» አለ። የሱሉልታው ዝም አለ፤ ሲቆይ «ቆይ፣ ነጻ ወጣች እንዴ?» አለኝ።

ለካስ ከእኛ ሁሉ አጥብቆ ሲሟገት የኖረው ሰው፣ ያን ማታ የአዲሱ ገበያው ታክሲ እንዳያመልጠው ፍርዱ ሳይነበብ ወጥቶ ሄዷል።