ስለ አንድ የምሳ ሒሳብ

ቤተ ሰብን የሚያጣላ ብዙ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መውጫው ያልታወቀ ጥቂት ገንዘብም የቤትን ሰላም ያውካል። ይህ በገዛ ቤታችን ስለ ደረሰ ለአንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን።

የምንኖረው በባሌ ሮቤ ነው። በመስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ቅዳሜ፥ ከሩቅ የመጡ እንግዶቻችንን ይዘን በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ ወጣን። ከፍታው 4,377 ሜትር የሆነውን የቱሉ ዲምቱን ተራራና በሜዳው አይጥ የሚያድነውን ቀይ ቀበሮ ካሳየናቸው በኋላ፥ ብርዱ ስለ ጸናብን ወደ ጎባ ወርደን በአንድ ምግብ ቤት ትኩስ ምሳ በላን፤ ዋጋውንም በባንክ ካርድ ከፈልን።

ከአንድ ወር በኋላ የባንኩን የሒሳብ መግለጫ ስንመለከት፥ ስሙን ሰምተነው ለማናውቀው ምግብ ቤት 2,530 ብር ተከፍሎ አገኘን። ቀኑ ኦክቶበር 4 ይል ነበርና፥ እኛም ኦክቶበር ማለት ጥቅምት ነው ብለን ጥቅምት 4 ቀን አደረግነው። በዚያ ቀን ደግሞ ከማሽን ብር እንዲያወጣልን ካርዱን ከነምስጢር ቁጥሩ የሰጠነው ለእኅታችን ልጅ ነው። እርሱም በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ስለ ሆነ፥ ከጓደኞቹ ጋራ በልቶበት ይሆናል የሚል ክፉ ኀሳብ አደረብን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና ጠርተን በቍጣ ጠየቅነው። እርሱ ግን «ጋሼ፥ ካርዱ ከማሽኑ በቀር የትም አልደረሰም» ብሎ አቀረቀረ፤ በዚያም ምሽት እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ባለቤታችን ይህን አይታ «ሳይጣራ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ስትል ገሠጸችን፤ ወደ ሳነቴ የለበስነውንም ካፖርት አውርዳ ኪሱን ብትፈትሽ የጎባውን ምሳ ደረሰኝ አገኘች። በደረሰኙ ራስ ላይ፥ ከግብር ከፋይ መለያ ቍጥሩ ጋራ የተጻፈው በንግድ ፈቃዱ ያለው የባለቤቱ ስም ነው፤ ባንኩም የጻፈው ይህንኑ ነበር። እኛ የምናውቀው ግን በበሩ ላይ የተሰቀለውን ስም ብቻ ነው። ቀኑንም ብናሰላው፥ የፈረንጆቹ ኦክቶበር 4 የእኛ መስከረም 24 ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡም ቢሆን የምግቡ ዋጋ 2,000 ብር፥ የአገልግሎት በመቶ 10 ሲጨመር 2,200 ብር፥ በዚህም ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ በመቶ 15 ማለት 330 ብር ሲታከልበት በትክክል 2,530 ብር ነው። እኛ በልባችን ይዘን የቈየነው የምግቡን ዋጋ 2,000 ብር ብቻ ነበር።

ስለዚህ የማታውቁት ክፍያ ቢያጋጥማችሁ፥ አስቀድማችሁ ቀኑን ወደ አገራችን አቈጣጠር መልሱ፤ በዚያም ቀን የት እንደ ዋላችሁ አስቡ፤ ደረሰኛችሁንም ከመግለጫው ጋራ አስተያዩ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተገኘ ግን ሳትዘገዩ ለባንኩ አመልክታችሁ ካርዱን አሳግዱ።

እኛም በማግሥቱ ጧት ልጁን ይቅርታ ለመንነው፤ እርሱም በትሕትና ይቅር አለን። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ ካርዱን ይዘህ ሂድ ብንለው «ጋሼ፥ እርስዎ ራስዎ ቢሄዱ ይሻላል» እያለ እስከ ዛሬ አልነካውም።